የሙሽራዋ እናት ፊት የት ገባ?

ልጁ የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘው በሰው በሰው ነው፤ አንድ ሠርግ። ካሜራውን ተውሶ፣ ካሜራው አናት ላይ የምትሰካ አንዲት ትንሽ መብራት ገዝቶ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ወዳለ አንድ አዳራሽ ሄደ። ቀኑን ሙሉ ሲሯሯጥ ዋለ። ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ኬክ ሲቆረስ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ፣ ምንም አላመለጠውም። ቢያንስ እንደዚያ መስሎት ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሥራውን በፍላሽ ይዞ ወደ ሙሽራዋ ቤተሰቦች ቤት አመራ። ቡና ተፈልቶ፣ ቤተሰቡ ቴሌቪዥኑን ከቦ ተቀመጠ። ቬሎው ላይ ያለችው ዶቃ ሁሉ አንድ ሳትቀር ትታያለች። ቤቱ በሳቅና በእልልታ ተሞላ። የሙሽራዋ እናት ግን ዝም ብለው ቆዩና፣

«ልጄ፣ እኔስ የታለሁ?» አሉት።

«ይኸው እማማ! ከሙሽራዋ ጎን ያሉት እርስዎ ነዎት እኮ።»

«ይሄማ ነጠላዬ ነው። ፊቴስ?»

ልጁ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብሎ አየ። እውነታቸውን ነው። የነጠላው ጥለት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከነጠላው በላይ፣ ፊት ሊኖር በሚገባው ቦታ፣ ያለው ጥቁር ጥላ ነው። ዓይን የለም፣ ፈገግታ የለም። እናትየዋ ልጃቸውን በዳሩበት ቀን ከምስሉ ጠፍተዋል።

ነገሩን የጀማሪ ስህተት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን በየቀኑ በስልክ የሚታየው የሰልፍ ቪዲዮ፣ የባለሥልጣን ቃለ መጠይቅ፣ የተጠርጣሪ ፎቶ ሁሉ የሚያልፈው በእነዚሁ ሁለት በሮች ነው፤ በመብራትና በሌንስ። በሮቹ እንዴት እንደሚከፈቱና እንደሚዘጉ ያላወቀ ተመልካች፣ ማን እንደገባና ማን ደጅ እንደቀረ አያውቅም።

ካሜራው የለካው ማንን ነው?

ልጁ መጀመሪያ ካሜራውን አማረረ። ቀጥሎ በሆዱ የእናትየዋን መልክ ወቀሰ፤ «ጠይም ስለሆኑ ነው» አለ። ይህንኑ ሄዶ የነገራቸው ከፊልም ዘመን ጀምሮ ካሜራ ሲሸከሙ የኖሩ አንድ አንጋፋ ባለሙያ ሳቁበት።

«የሴትዮዋ መልክ ምን አደረገህ? አንተ የለካኸው ነጠላውን ነው» አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አውቶ ላይ የተተወ ተራ ካሜራ፣ ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ተደባልቆ ሲታይ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ነው የሚነሳው። ምስሉን ቬሎና ነጠላ ሲሞላው «ብርሃኑ በዛ» ብሎ በሩን ያጠባል። በሩ ሲጠብ ነጩ ነገር ዝርዝሩን ይዞ ይተርፋል፤ ጠይሙ ፊት ጨለማ ውስጥ ይገባል። ካሜራው አልተሳሳተም። የታዘዘውን ነው የሠራው። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብሎ መምረጥ የነበረበት ልጁ ነው፤ እሱ ደግሞ ምርጫውን ለማሽን ተወው።

ሁለተኛው ጥፋት ርቀት ነው። ከትንሽ መብራት የሚወጣ ብርሃን፣ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ወደ ሩብ ይወርዳል እንጂ በግማሽ አይቆምም። ሙሽራዋ ከመብራቱ 1 ሜትር፣ እናትየዋ 2 ሜትር ላይ ከቆሙ፣ እናትየዋ የሚደርሳቸው ልጃቸው ካገኘችው ሩቡ ነው። 3 ሜትር ላይ የቆመው አጎት አንድ ዘጠነኛውን ብቻ ያገኛል። መብራቱን ማን ጋ እንደሚያስጠጋ የወሰነ ሰው፣ የዚያ ቀን ታሪክ የማን እንደሆነም ወስኗል።

ነጭ ለብሶ አደባባይ በሚወጣ ጠይም ሕዝብ ዘንድ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በጥምቀት፣ በእንቁጣጣሽ፣ በሠርግ የተነሱ ስንት ፎቶዎች ናቸው ልብስ እንጂ ሰው የሌለባቸው?

ከፋብሪካ የጀመረ አድልዎ

አንጋፋው ልጁን ከሳቁበት በኋላ ግማሹን ጥፋት አነሱለት። «ለነገሩ ችግሩን የጀመርከው አንተ አይደለህም» ብለው የፊልሙን ዘመን ታሪክ ነገሩት።

የአሜሪካው ኮዳክ ኩባንያ የቀለም ፊልም ገበያውን በያዘባቸው ዓመታት፣ ፎቶ የሚያጥቡ ላቦራቶሪዎች ቀለማቸው ልክ መሆኑን የሚያረጋግጡበት መመዘኛ ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ የነጭ ሴት ፎቶ አለ። የመጀመሪያዋ ሞዴል ሸርሊ የምትባል የኩባንያው ሠራተኛ ስለነበረች ካርዱም «የሸርሊ ካርድ» ተባለ። የሸርሊ ቆዳ ካማረ ሥራው ልክ ነው። ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው በተነሱበት የትምህርት ቤት ፎቶ ላይ ግን የነጮቹ ፊት ሲያምር፣ የጥቁሮቹ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይቀር ነበር። ፈረንሳዊው የፊልም አዘጋጅ ዣን ሉክ ጎዳር በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለሥራ ሞዛምቢክ በሄደ ጊዜ የኮዳክን ፊልም ዘረኛ ነው ብሎ እንዳልተጠቀመበት በሰፊው ይወሳል።

ኩባንያው ፊልሙን እንዲያሻሽል ከገፋፉት መካከል ደግሞ፣ የሚገርመው፣ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። ጥቁሩ ቸኮሌት ከነጣው፣ ቀዩ እንጨት ከጥቁሩ በማስታወቂያ ፎቶ ላይ አልለይ ስላላቸው አቤት አሉ። የእናቶች ፊት ያላስነሳውን ጥያቄ ቸኮሌት አስነሳው።

ዛሬ ያ ፊልም አልፎበታል። ዲጂታል ካሜራ ከያኔው ፊልም እጅግ ሰፊ የብርሃንና የጥላ ልዩነት ይይዛል። ልማዱ ግን ካሜራ እንደሚቀየረው ቶሎ አይቀየርም። ስቱዲዮ ሲዘጋጅ መብራቱ «እንደተለመደው» ይተከላል፤ የተለመደው በማን ፊት እንደተለካ የሚጠይቅ የለም።

አንድ አምፖል፣ አንድ አንሶላ

አንጋፋው ልጁን ያስተማሩት በውድ ዕቃ አልነበረም። አንድ አምፖል፣ አንድ ነጭ አንሶላ፣ አንድ ወንበር። ወንበሩ ላይ አስቀምጠውት አምፖሉን በእጃቸው ያዞሩት ጀመር፤ ልጁ ራሱን በመስታወት ያያል።

አምፖሉ ፊት ለፊት ሲሆን ፊቱ ጠፍጣፋ ሆነ፤ እንደ ፓስፖርት ፎቶ። ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያህል ዞሮ ከዓይን ከፍ ሲል ጉንጩ፣ አፍንጫው፣ አገጩ ቅርጽ አወጡ። ይህ ዋናው መብራት ነው። በሌላው ጎን የቀረውን ጥላ አንሶላውን ዘርግተው አለሰለሱት፤ አንሶላው የአምፖሉን ብርሃን መልሶ ይረጫል። ይህ ማለስለሻው ነው። ከኋላ ትንሽ ብርሃን ሲጨመር ፀጉሩና ትከሻው ከግድግዳው ተላቀቁ። ይህ የኋላ መብራት ይባላል። ሆሊውድ ውስጥ በሚሊዮን ዶላር የሚሠራውም፣ የዜና ስቱዲዮ ውስጥ ያለውም መሠረቱ ይኸው ሦስት ነው።

ቀጥሎ አንሶላውን በአምፖሉና በልጁ መካከል ወጠሩት። ስለቱ የነበረው ጥላ ወዲያው ሟሟ። ብርሃንን የሚያለሰልሰው የምንጩ ስፋት ነው፤ ከሚያበራለት ሰው አንጻር ሰፊ ምንጭ ለስላሳ፣ ጠባብ ምንጭ ጨካኝ ጥላ ይሠራል። ፀሐይ ግዙፍ ብትሆንም ሩቅ ስለሆነች ለዓይን ትንሽ ነጥብ ናት፤ ስለዚህ የቀትር ጥላዋ ይቆርጣል። ደመና ሲሸፍናት ግን ሰማዩ ሁሉ አንድ ትልቅ መብራት ይሆናል። በክረምት የተነሳ ፊት ከበጋው ቀትር ለምን እንደሚያምር ምሥጢሩ ይኸው ነው።

ስለ ጠይም ቆዳ የነገሩት ደግሞ ልጁ ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም። ጠይምና ጥቁር ፊት በጥላው ብቻ አይነበብም፤ የሚመልሰው ነጸብራቅም ቅርጹን ይናገራል። ስለዚህ ትንሽ አምፖል ፊቱ ላይ ከማፍጠጥ፣ ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ከጎን ቢያገኝ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ሙንላይት» ፊልም ሲሠራ የተዋናዮቹ ፊት በዱቄት ከመደብዘዝ ይልቅ ወዝ እንዲኖረው ተደርጓል።

በዚህ መስክ የኢትዮጵያ እጅም አለበት። ጎንደር ተወልዶ ዋሽንግተን በሚገኘው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ኃይሌ ገሪማ፣ በ1976 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ 16 ሚሊ ሜትር ፊልም ነው የሠራው። በሃዋርድ ከእሱ ሥር ከወጡት አንዱ ብራድፎርድ ያንግ ነው፤ «ሰልማ»ን የቀረጸው፣ «አራይቫል» በተባለው ፊልም ደግሞ በቀረጻ ዘርፍ ለኦስካር በመታጨት የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ የሆነው። ያንግ ጥቁር ፊቶችን በዝቅተኛ ብርሃን ውስጥ ክብራቸውን ጠብቆ በማሳየት ይታወቃል። የሸርሊ ካርድ ያስጨነቀውን ጥያቄ የመለሰው ሰው፣ ከጎንደሬ መምህር ደጅ የተማረ ነበር።

መብራት ይፈርዳል

እ.ኤ.አ. መስከረም 26 ቀን 1960፣ ቺካጎ። ሪቻርድ ኒክሰንና ጆን ኬኔዲ በቴሌቪዥን ታሪክ የመጀመሪያውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ክርክር ገጠሙ። ኒክሰን በጉልበቱ ሕመም ሆስፒታል ከርሞ የወጣው በቅርብ ነበር፤ ክብደቱ ቀንሷል፣ ባለሙያ እንዲያሳምረው አልፈቀደም። ቀለል ያለ ግራጫ ሱፉ በጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥን ላይ ከጀርባው ግድግዳ ጋር ተዋሃደ። በመብራቱ ሙቀት ላቡ ታየ፤ የአገጩ ጥላ ያልተላጨ አስመሰለው። ኬኔዲ ጠቆር ያለ ሱፍ ለብሶ ከግድግዳው ተለይቶ ወጣ። ምርጫውን መብራት ወሰነው ማለት ማጋነን ነው። ያን ምሽት ማን በሽተኛ መሰለ ለሚለው ግን መልሱ ከንግግራቸው በላይ እዚያ ስቱዲዮ ውስጥ ተንጠልጥሎ ነበር።

መብራት ከሥር ሲመጣ የማንኛውም ሰው ፊት ያስፈራል፤ ልጆች በጨለማ ባትሪ አገጫቸው ሥር ይዘው የሚጫወቱት ለዚህ ነው። ከመስኮት ፊት ለፊት የተቀመጠ እንግዳ ወዝ አለው፤ ጀርባውን ለመስኮቱ የሰጠ ጥላ ብቻ ይሆናል። አንዱ እንግዳ በለስላሳ ብርሃን፣ ሌላው በኮሪደር አምፖል ሥር ቢቀረጹ፣ ተመልካቹ ገና አንድ ቃል ሳይሰማ አንዱን አምኗል፣ ሌላውን ጠርጥሯል።

ብርሃን ለበጎም ይመራል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1984 መሐመድ አሚን በኮረም የቀረጸው፣ የዓለምን ሕዝብ ያስነሳው የረሃብ ዘገባ የሚጀምረው በንጋት ነው። ያ ሰዓት ቀዝቃዛውን አየርና መሬት ላይ የተኮራመተውን ሕዝብ አብሮ አሳየ። ያው ሕዝብ ቀትር ላይም ተርቦ ነበር። ንጋቱ ግን ተመልካቹ ዓይኑን እንዳያዞር ያዘው።

ሌንስ ይመርጣል

ከመብራት ቀጥሎ ሌንስ። ልጁ ሌንስን የሚያውቀው «ማቅረቢያ» አድርጎ ነበር። አንጋፋው ግን ሌንስን በመጀመሪያ እንደ በር አስተማሩት። የሌንሱ አፍ በሰፋ መጠን ብዙ ብርሃን ይገባል፤ መለኪያው ኤፍ ይባላል፣ ቁጥሩ ሲያንስ በሩ ይሰፋል። ስታንሊ ኩብሪክ በ1975 (እ.ኤ.አ.) ለወጣው «ባሪ ሊንደን» ፊልም በሻማ ብርሃን ለመቅረጽ፣ ዘይስ ለአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ ብሎ የሠራውን 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 0.7 ሌንስ ተጠቀመ። ኤፍ 1.4 ከሆነ ጥሩ ሌንስ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል። ዋጋው ግን አለ፤ በሩ ሲሰፋ ጥርት ብሎ የሚታየው ስስ ንብርብር ብቻ ነው። ተዋናዩ ትንሽ ወደፊት ካዘነበለ ይደበዝዛል። ስለዚህ በሩን መክፈት ማለት ማን ጥርት ብሎ ይታይ፣ ማን ጭጋግ ይሁን ብሎ መምረጥ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ሚሊ ሜትሩ ነው። 24 ሚሊ ሜትር ሰፊ ያያል፤ 50 መካከለኛ ነው፤ 85 ለፊት ይመረጣል፤ 200 ሩቁን ያመጣል። ብዙ ሰው ረጅም ሌንስ ነገሮችን «ያጨናንቃል» ይላል። እውነቱ ትንሽ ይለያል፤ የሚያጨናንቀው ርቀት ነው። ከፊት ያለው ሰው ከካሜራው 2 ሜትር፣ ከኋላ ያለው 10 ሜትር ቢርቅ፣ የፊተኛው 5 እጥፍ ገዝፎ ይታያል፤ በመካከላቸው ሰፊ ሜዳ ያለ ይመስላል። ሰዎቹ ሳይነቃነቁ ካሜራው ወደ ኋላ ቢያፈገፍግና ርቀቱ 40 እና 48 ሜትር ቢሆን፣ ልዩነታቸው 1.2 እጥፍ ብቻ ይሆናል። ተደርበው የቆሙ ይመስላሉ። ረጅሙ ሌንስ የሚያደርገው ያንን ሩቅ እይታ ቆርጦ ማቅረብ ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2020፣ በኮሮና ወቅት፣ ሁለት የዴንማርክ ፎቶ አንሺዎች ይህን በአደባባይ አሳዩ። ኮፐንሃገን ውስጥ የቆሙ ሰዎችን በአንድ ቦታና ሰዓት አንድ ጊዜ በሰፊ ሌንስ፣ አንድ ጊዜ በረጅም ሌንስ አነሱ። በአንዱ ፎቶ ሰዎቹ ተራርቀው ሕግ አክባሪ ናቸው፤ በሌላው ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተው ጥፋተኛ ናቸው። ሰዎቹ ያው፣ ሰልፉ ያው። ሁለቱም ፎቶ አልተነካካም።

«ሜዳው ባዶ እንዳይመስል»

ልጁ ይህን ከተማረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የዜና ሥራ ጀመረ። አንድ ቀን፣ ስሙ እዚህ የማይነሳ አንድ ሚዲያ ወደ አንድ ሰልፍ ላከው። ከመውጣቱ በፊት አለቃው ጠራውና «አደራ፣ ሜዳው ባዶ እንዳይመስል» አለው።

ልጁ ምን ማለቱ እንደሆነ ገባው። 200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያዘ፤ ራቅ ብሎ፣ ዝቅ ብሎ ቆመ። ምስሉ ጢም ያለ ሕዝብ ሆነ። ማታ በዜና ወጣ። በማግስቱ ሌላኛው ወገን ከፎቅ ላይ በሰፊ ሌንስ የተነሳውን ለቀቀ፤ እዚያ ላይ ሜዳው ግማሹ ባዶ ነው። ማኅበራዊ ሚዲያው ተቃጠለ። አንዱ ሌላውን «በኮምፒውተር የተሠራ ነው» እያለ ተሳደበ። የማውቀው ሰው እዚያ ነበር፣ የአክስቴ ልጅ እዚያ ነበር እያሉ የቆዩ ወዳጆች ተቆራረጡ።

ልጁ ስልኩን ይዞ ሲያነብ አደረ። ሁለቱም ምስል እውነተኛ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። ውሸቱ ምስሉ ውስጥ የለም፤ ውሸቱ «ሜዳው ይህን ይመስል ነበር» የሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። ያን ዓረፍተ ነገር እሱ አልጻፈውም። ሌንሱን የመረጠው ግን እሱ ነው። የእናትየዋን ፊት ያጠፋው ሳያውቅ ነበር፤ ይህኛው እያወቀ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሕዝብ የተሰበሰበበት ቦታ ሲላክ ሁለት ምስል ይዞ ይመለሳል፤ አንዱን ከቅርብ፣ አንዱን ከከፍታ በሰፊ ሌንስ። ሁለቱንም ያስረክባል። አንዳንዴ ሁለቱም ይወጣሉ። ብዙ ጊዜ አንዱ ብቻ ይወጣል። አንድ ሁለት ሥራም በዚህ ምክንያት ቀርቶበታል።

ለተመልካች የቀረው

ካሜራማኑ የራሱን ድርሻ ቢወጣ እንኳ፣ ሚዛኑ የመጨረሻ የሚያርፈው ስልኩን በያዘው ሰው እጅ ላይ ነው። የሚያስቆጣ ምስል ሲደርስ፣ ከማጋራት በፊት አራት ጥያቄ ይበቃል። ብርሃኑ ከየት ነው የመጣው? ካሜራው የት ቆሞ ነበር፤ ቅርብ ወይስ ሩቅ፣ ከላይ ወይስ ከታች? ጥርት ብሎ የታየው ማን ነው፣ የደበዘዘውስ? ከምስሉ ጠርዝ ውጭ ምን ሊኖር ይችላል? የሰው ጥላ ወዴት እንደወደቀ ያየ፣ ሩቅ ያለው ራስ ከቅርቡ ጋር እኩል መሆኑን ያስተዋለ ተመልካች፣ ሁሉንም ነገር ባያውቅ እንኳ በቀላሉ አይነዳም።

ይህ ማለት ምስል ሁሉ ውሸት ነው ማለት አይደለም። «ሁሉም ውሸት ነው» ማለት «ሁሉም እውነት ነው» ከማለት ያልተሻለ ስንፍና ነው። ኮረም እውነት ነበር። ምስል እንደ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ የት ቆመህ አየህ ተብሎ ይጠየቃል።

ከዓመታት በኋላ የእነዚያ እናት ሁለተኛ ልጅ ስታገባ ቤተሰቡ ልጁን ደግሞ ጠራው። እሱም ካሜራውን ከአውቶ አውጥቶ፣ ብርሃኑን በነጠላው ሳይሆን በእናትየዋ ፊት ለካ። ቪዲዮውን ይዞ ሲሄድ እንደዚያኔው ቡና ተፈላ። እማማ ስክሪኑ ላይ ራሳቸውን አዩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ከንፈራቸው ሳቅ ይዞ። ዝም ብለው ብዙ ቆዩ።

«አሁን አለሁ» አሉ። ቀጥለው ግን ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው፣ «የነጠላዬ ጥለት ግን ነጥቶ ጠፍቷል፤ ያን ያህል አስፈትዬ አሠርቼው!»

ልጁ ሳቀ። ለፊቱ ሲከፍት ነጩ ተቃጥሎበታል። ሁለቱንም ለማትረፍ ለእናትየዋ ፊት ብቻ የሚሆን ሌላ ለስላሳ መብራት ያስፈልግ ነበር። ሦስተኛዋ ልጃቸው ገና አላገባችም፤ ያን ዕለት መብራቱንም አንሶላውንም ይዞ ይሄዳል።